ኮምቦልቻ አድርቁ፣ ደሴ አስቀምጡ፦ የአገር ዘርና የአገር ከብት ቤት ውስጥ እንዴት ይጠበቃል

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ከሚያወጣው ከሐረጎ ዳገት በታች ያለው የአክስቴ ማድ ቤት ወራጁ ላይ ሁልጊዜ የማሽላ ራስ ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር። ከምድጃው በላይ ስለሆነ ጭሱ አጥቁሮታል። ልጅ ሆኜ እሸት መስሎኝ እጄን ስሰድ "እሱ አይበላም የኔ ልጅ፣ ዘር ነው" አለችኝ። ራሶቹ አምስት ነበሩ፤ አምስቱም የተለያየ መልክ አላቸው። አንዱ ቀይ ዘንጋዳ፣ አንዱ ደገሌት፣ አንዱ አገዳው ጣፋጭ የሆነው ጥንቅሽ። የሁለቱን ስም ሳልጠይቃት አለፈች። ዛሬ ማሳው ላይ ያለው አንድ ዓይነት ማሽላ ብቻ ነው። የነዚያን የሁለቱን ስም የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በዚያ ቁጭት ነው። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ቃሉ፣ ኩታበር፣ ተሁለደሬ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ልትሠሩት የምትችሉት ሥራ ነው። ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ክዳኑ የሚገጥም ጠርሙስ፣ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። እና ደግሞ ትዕግሥት።

መጀመሪያ የሁለቱን ከተሞች ጸባይ እንወቅ

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ። ይህ ልዩነት በአማካይ አራት ዲግሪ ያህል የሙቀት ልዩነት ያመጣል። ለዘር ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዘር ባለሙያዎች የሚመሩበት አንድ የቆየ ስሌት አለ፦ የማስቀመጫው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሲቀንስ የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ይጨምራል፤ በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስም እንዲሁ በእጥፍ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጠርሙስ ዘር ኮምቦልቻ ከሚቆየው ይልቅ ደሴ ወደ እጥፍ የተጠጋ ጊዜ ይቆያል ማለት ነው።

ግን ደሴ ጭጋግ አለ። የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ልብስ እንኳ በወጉ አይደርቅም። ክፍት የተቀመጠ ዘር ያንን እርጥበት ይጠጣዋል። ስለዚህ ሥራውን ለሁለቱ ከተሞች ማካፈል ነው። ማድረቁን ኮምቦልቻ ጨርሱ፣ ጠርሙሱን እዚያው ዝጉ፣ ከዚያ ሐረጎን አውጥታችሁ ደሴ አስቀምጡ። ሌላው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

1. ስሙን ጻፉ

ዘሩን ከመሰብሰባችሁ በፊት ባለቤቱን አናግሩ። ሽማግሌዎችንና በተለይ ሴቶችን። ጠላ የትኛው ዘንጋዳ እንደሚያወጣ፣ የትኛው ገብስ ለቆሎ፣ የትኛው ለበሶ እንደሚሆን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። "ጋሼ፣ ይኼን ማን ይለዋል?" ብላችሁ ጀምሩ። ከዚያ እነዚህን ጠይቁ፦ መቼ ይዘራል? በስንት ወር ይደርሳል? ዝናብ ሲያጥር ምን ይሆናል? ወፍ ይወደዋል? አቀንጭራ ያጠቃዋል? ለምን ምግብ ይሆናል? ከማን ነው ያገኙት?

ሁሉንም በእርሳስ ጻፉ። የእስክሪብቶ ቀለም በጊዜ ይደበዝዛል፣ ውሃ ሲነካውም ይሟሟል፤ እርሳስ ይቆያል። ቀበሌውን፣ ደጋ ይሁን ቆላ፣ ዓመተ ምሕረቱን ጨምሩበት። አንድ ቁራጭ ወረቀት ከዘሩ ጋር ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ደብተር ላይ ይቀራል። ስሙና ሙያው የጠፋ ዘር ግማሹ ጠፍቷል ባይ ነኝ።

2. ከማሳ ሰብስቡ እንጂ ከገበያ አትግዙ

ሰኞ ገበያ የምታገኙት እህል ከስንት ቦታ መጥቶ እንደተደባለቀ አይታወቅም። ማሳው ድረስ ሂዱ። ጊዜው ለማሽላ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው። ለደጋው የበልግ ገብስ ደግሞ ሰኔ አካባቢ።

ማሳውን ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሳችሁ ከ50 ያላነሱ ራሶችን ከየቦታው ውሰዱ። ከእያንዳንዱ ጥቂት ፍሬ ይበቃል፤ የገበሬውን ምርት መውሰድ አያስፈልግም። ለጤፍና ለገብስም ከብዙ ቦታ ትንሽ ትንሽ ጭብጥ። ከአንድ ትልቅ ራስ ብቻ ከወሰዳችሁ የያዛችሁት የአንድ ቤተሰብ ዘር ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለዘር ሲባል ትልቁ፣ ወፍራሙ፣ ውቡ ብቻ ይመረጣል። ለሚቀጥለው ዓመት ምርት ይህ ጥሩ ነው። ዘር ለመጠበቅ ግን ሌላውን ዓይነት ያስቀራል። ወሎ ውስጥ "ወተት በጉንጬ" የሚባል ማሽላ አለ። ገበሬው ከሌላው ማሽላ ጋር ደባልቆ ይዘራዋል፣ እሸቱን ጠብሶ ይበላዋል። ፍሬው ሲደርቅ ጭርምት ያለ ነው፤ ገበያ ላይ ቢታይ "ይኼማ የከሳ ነው" ተብሎ ይጣላል። በ1973 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በርካታ የዓለም ማሽላዎችን ሲፈትሹ ላይሲን የሚባለው ለሰውነት አስፈላጊ የፕሮቲን ክፍል በብዛት የተገኘው ከወሎ በሄዱት በነዚህ ጭርምት ፍሬዎች ላይ ነበር። መልኩን አይቶ የሚመርጥ ሰው ያንን ዘር ቀድሞ ነበር የሚጥለው። ስሙን ያወጣለት ገበሬ ግን ጣዕሙን ያውቅ ነበር።

ስለዚህ መልከ ጥፉውንም ውሰዱ። የማትወስዱት የታመመውን ብቻ ነው፤ አረማሞ ያጠቆረውን፣ የሻገተውን፣ ነቀዝ የበሳውን።

ስለ መዳቀል ትንሽ ልጨምር። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው ያራባሉ፤ ጎረቤት ማሳ ላይ ሌላ ዓይነት ቢኖርም ብዙ አያሰጋም። ማሽላ ግን የተወሰነው ከጎረቤት ይዳቀላል፤ ስለዚህ ከማሳው መካከል ሰብስቡ፣ ወይም ከማበቡ በፊት ጥቂት ራሶችን በወረቀት ከረጢት ሸፍኑ። ባቄላን ንብ ያዳቅለዋል። በቆሎ ከሁሉም ይብሳል፤ የአበባውን ዱቄት ነፋስ ስለሚወስደው ከሌላ በቆሎ ቢያንስ 200 ሜትር ይራቅ።

3. ማድረቅ

የዚህ ሁሉ ሥራ ግማሹ ያለው እዚህ ነው።

ዘሩን በንጹሕ ሸራ ወይም በወንፊት ላይ ስስ አድርጋችሁ አስጡ። ጥላ ይሁን፣ ነፋስ ያግኘው። ቀትር ላይ የሚያቃጥል ፀሐይ የዘሩን ነፍስ ይጎዳል። አስፋልት ላይ ማስጣት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ አስፋልቱ ከፀሐዩ በላይ ይግላል። ማታ ማታ አስገቡት፣ ካልሆነ ቀን የደረቀው ሌሊት ይረጥባል። ኮምቦልቻ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ አየር አንድ ሳምንት ወይም አሥር ቀን ያህል ይበቃዋል።

ደርቋል ወይስ አልደረቀም? ጥርስ አንዱ መለኪያ ነው፤ ቀው ብሎ ከተሰበረ ጥሩ ምልክት ነው። ከጥርስ የሚሻለው ግን ጨው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ጭብጥ ጨው ምጣድ ላይ አድርቁና አቀዝቅዙት። ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ሦስት እፍኝ ዘር አድርጉ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት። ክዳኑን ገጥማችሁ ለአንድ ደቂቃ ያህል ነቅንቁት፣ 15 ደቂቃ አስቀምጡት። ከዚያ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሡት። ጨው መስታወቱ ላይ ከተለጠፈ ዘሩ ገና እርጥብ ነው። መስታወቱ ጥርት ብሎ ጨው ሁሉ ከታች ከተከማቸ ለጎተራ ደርቋል ማለት ነው። መጀመሪያ ስሞክረው ደርቋል ብዬ የማልኩበት ማሽላ መስታወቱን በጨው አለበሰው። ሦስት ቀን ጨመርኩለት።

ለዓመታት የምታስቀምጡት ከሆነ ከጎተራውም በላይ ማድረቅ ያስፈልጋል። ሩዝ ምጣድ ላይ ቡናማ እስኪሆን ቁሉት። ሳይበርድ ክዳን ባለው ነገር ውስጥ ዘግታችሁ አቀዝቅዙት። ከዘሩ ክብደት ጋር እኩል አድርጋችሁ በስስ ጨርቅ ቋጥሩና ጠርሙሱ ውስጥ ከዘሩ ጋር ሁለት ሳምንት አኑሩት። ሩዙ የቀረውን እርጥበት ይስባል። ከዚያ ሩዙን አውጡ፣ ቶሎ ብላችሁ ክዳኑን ግጠሙ።

4. ማሸግና ማስቀመጥ

የማር ወይም የማዮኔዝ ጠርሙስ ይሆናል፤ ክዳኑ የጎማ ቀለበት ካለው ይመረጣል። እስከ አፉ ሙሉት፤ ባዶ ቦታ ማለት አየርና እርጥበት ነው። ክዳኑን በፕላስተር ጠቅልሉት ወይም ሰም አፍስሱበት። ብዛት ላለው እህል አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ጥሩ ነው።

እናቶቻችን የሚያውቁትም አይናቅ። ዘርን ከአመድ ጋር ማደባለቅ፣ ከጭስ በላይ መስቀል፣ ባቄላን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ማስቀመጥ። ጤፍ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላው ነቀዝ መንቀሳቀሻ ያጣል። ለአንድና ለሁለት ዓመት ይህ ይበቃል።

የነቀዝ ክኒን የሚባለውን ግን ሰው በሚተኛበት ቤት ፈጽሞ አታስገቡ። የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ካላችሁ ሌላ መንገድ አለ። በደንብ የደረቀና የታሸገ ዘር በረዶ ቤቱ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ሲቆይ ነቀዙ ከነእንቁላሉ ያልቃል። ስታወጡት ወዲያው አትክፈቱት። ጠርሙሱ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ሙሉ ቀን ጠብቁ፤ ካልሆነ ጤዛ ዘሩ ላይ ያርፋል።

ከዚያ ደሴ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ፈልጉለት። ሰሜን በኩል ያለው ክፍል፣ አልጋ ሥር፣ ቁም ሳጥን ውስጥ። ምድጃና ቴሌቪዥን አጠገብ አይሁን።

5. ነፍስ እንዳለው እያረጋገጣችሁ መልሳችሁ ዝሩት

በዓመት አንዴ 100 ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ ደርድሩ፣ ጠቅልሉት፣ እንዳይደርቅ ጠብቁት። በሰባተኛው ቀን ግለጡና የበቀለውን ቁጠሩ። ከ85 በላይ ከሆነ በጄ። ከዚያ ከወረደ በሚቀጥለው ወቅት መዘራት አለበት። ባይወርድም በየሦስትና አራት ዓመቱ መዝራት ይሻላል። ጠርሙስ ውስጥ ያለ ዘር አየሩ ሲለወጥ አብሮ አይለወጥም፤ ማሳ ላይ ያለው ግን በየዓመቱ ከድርቁም ከተባዩም ጋር እየተላመደ ይሄዳል።

ሲዘራ ወደ መጣበት ይመለስ። የቃሉን ማሽላ ደሴ ጓሮ ብትዘሩት ቁሩ ሳይደርስ ይይዘዋል። ደሴ ማስቀመጫ እንጂ ለቆላ ዘር ማሳ አትሆንም። የኩታበርን ማውጌ ገብስ ወይም ሰነፍ ቆሎ ግን እዚያው ደጋው ላይ ዝሩት።

6. አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ

በ1977ቱ ረሃብ ወሎ ውስጥ ሰው ዘሩን በላ። ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ በዶክተር መላኩ ወረደ የሚመሩ ባለሙያዎች በወሎና በሸዋ ከገበሬዎች ጋር ሆነው የአገር ዘር መልሶ ገበሬ እጅ የሚገባበትን ሥራ ጀመሩ። ዶክተር መላኩ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ከረሃቡ በፊት የተሰበሰበ ዘር አዲስ አበባ ተቀምጦ ባይገኝ ኖሮ የሚመለስ ነገር አይኖርም ነበር። ዘሩ የተቀመጠበት ማዕከል የተቋቋመው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል።

እና እያንዳንዱን ዘር ሦስት ቦታ አኑሩት። አንዱ ከገበሬው ጋር፣ አንዱ ደሴ እናንተ ጋ፣ አንዱ ኢንስቲትዩቱ ጋ። ለኢንስቲትዩቱ ስትሰጡ የደብተሩን ቅጂ አብራችሁ ስጡ። ሕጉንም እወቁ፦ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት አንድ ተመራማሪ ወይም ድርጅት የአገራችንን ዘር ለምርምርም ሆነ ለንግድ ለመውሰድ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ገበሬ ከገበሬ በልማዱ የሚለዋወጠውን ግን አዋጁ አይነካውም። ስለዚህ ለጎረቤት አንድ ጣሳ መስጠት አያስፈራችሁ። ለማታውቁት እንግዳ "ናሙና" ብሎ ሲጠይቅ ግን ፈቃዱን አሳየኝ በሉት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ገብስን ከሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ ያዳነው ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። የያዛችሁት ነገር ዋጋ አለው።

ለማካፈል ቅሬ፣ ማለትም የመንደሩ ዕድር፣ ከሁሉም ይሻላል። ሰው ሲሞትም ሲዳርም የሚሰበሰብ ሰው አለ፤ ዓመት በዓመት አንድ ቀን ዘር ይዛችሁ ኑ ቢባል ይመጣል። ደንቡ ቀላል ይሁን፦ አንድ ጣሳ የወሰደ ሲያመርት ሁለት ይመልሳል።

7. ዶሮና በግ ጠርሙስ ውስጥ አይገቡም

የእንስሳ ዘር ቤት ውስጥ ማከማቸት አይቻልም። የሚጠበቀው እየኖረ፣ እየተራባ ነው። ስለዚህ ስሌቱ ሌላ ነው።

ትልቁ ጠላት ዝምድና ነው። አንድ አውራ ዶሮና አሥር ሴት ያለው ቤት ብዙ ዶሮ ያለው ይመስላል። እንዲህ አስሉት፦ የወንዱን ቁጥር በሴቷ ቁጥር አባዙ፣ በ4 አባዙ፣ ከዚያ ለሁለቱ ድምር አካፍሉ። 1 በ10፣ በ4፣ ሲካፈል ለ11፤ ከ4 ያነሰ ይወጣል። ማለትም ከዘር አኳያ ያላችሁ አራት የማይሞላ ዶሮ ነው። ጫጩቶቹ ቶሎ ወንድምና እህት ሆነው ይራባሉ። ባለሙያዎች ቢያንስ 50 ይፈልጋሉ። አንድ ቤት ብቻውን አይችለውም። አሥራ አምስት ቤት ተስማምቶ እያንዳንዱ አንድ አውራና አምስት ሴት ቢይዝ፣ አውራዎቹንም በየጊዜው ቢቀያየር፣ ልክ 50 ይመጣል።

መልኩን ሁሉ ያዙ። ቀዩን፣ ገብስማውን፣ ወሰራውን፣ ጥቁሩን፣ አንገተ መላጣውንም። አንገተ መላጣው ያስቃል፤ ግን ላባ ስለሚቀንስ ሙቀት ይችላል፣ ለኮምቦልቻ ይስማማል። ሳሶና ቦቫንስ የሚባሉትን የውጭ ዝርያ ዶሮዎች አታርቡ አልልም። እንቁላላቸው ብዙ ነው። የተለየ ቤት ሥሩላቸው፣ አውራቸውን ከሀበሻዋ ጋር አታገናኙት። ሀበሻዋ ዶሮ ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ዘሩ ሲቀላቀል መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ነው።

ለመፈልፈል የምታስቀምጡት እንቁላል ከሰባት ቀን አይለፍ፣ ሹል ጫፉ ወደ ታች ይሁን። አሥር ወይም አሥራ ሁለት ይበቃታል። 21 ቀን። ፈንግል አንድ ሳምንት ውስጥ መንደር ይጠርጋል፤ ክትባቱን ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁና ሁሉም ቤት በአንድ ቀን ያስከትብ።

በግ ላይ የምናጠፋው ጥፋት ሌላ ነው። ፋሲካና አረፋ ሲመጣ ፈጥኖ ያደገው፣ ደረቱ ሰፊው ጠቦት ቀድሞ ይሸጣል። የሚቀረው ገበያ ያልፈለገው ነው። እሱ ደግሞ ለቀሩት ሴቶች አባት ይሆናል። በየዓመቱ ደካማውን እየመረጥን ነው ማለት ነው፤ ከዚያ "የወሎ በግ ትንሽ ነው" እንላለን። የወሎ በግ ጸጉሩ ረጅም፣ ላቱ አጭር ነው፤ የደጋውን ቁርና የክረምቱን ጭቃ ችሎ ይኖራል። ጥፋቱ የሱ አይደለም።

መፍትሔው ገበያው ሳይደርስ መምረጥ ነው። ጠቦቶቹ ስድስት ወር አካባቢ ሲሞላቸው የመንደሩ ሰው አንድ ላይ ይያቸው። እናቱን ተመልከቱ፤ ወተቷ የሚያጠግብ፣ ልጆቿን የምታሳድግ ናት? እግሩ ቀጥ ያለ ነው? ቆለጡ ሁለቱም እኩል ነው? የተመረጠው ጆሮው ላይ ምልክት ይደረግበት፤ ለባለቤቱም በበዓሉ ዋጋ ልክ ከመንደሩ መዋጮ ይከፈለው። ክፍያ ከሌለ ስምምነቱ አይጸናም፤ በዓል ሲመጣ ሰው ገንዘብ ይቸግረዋል። ያልተመረጡት ይኮላሹ፣ ሙክት ይሁኑ። ሙክት ዋጋም ያወጣል። በመንዝ በ2009 እ.ኤ.አ. ገበሬዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው የጀመሩት አሠራር በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው።

አውራው በግ አንድ መንጋ ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ አይቆይ። በጓ አምስት ወር ታረግዛለች፣ የተወለደችው ሴት ግልገል ከሰባት ስምንት ወር ጀምሮ በአውራ ተጠቅታ ልታረግዝ ትችላለች። ቁጥሩን ደምሩት፤ ዓመት ሲያልፍ የገዛ ልጆቹ ይደርሱበታል። ስለዚህ ዓመቱ ሲሞላ ወደ ሌላው ጎጥ ይሂድ፣ የዚያኛው ጎጥ በግ ወደዚህ ይምጣ። ቀኑን ደብተር ላይ ጻፉ፤ በጉ የመጣበትን ቤት፣ የጆሮውን ምልክት፣ የሚሄድበትን ወር። ለዘሩ የያዛችሁት ያው ደብተር ይሆናል። ከኋላ በኩል ጀምሩት።